አራሷን ያሻገርንበት ነፋስ

ልጄ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ወደ እኔ የመጣችው በሚያዝያ ነው። ባሏ ሰበታ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ይሠራል፤ ቅዳሜ ማታ ይመጣል፣ እሑድ ይመለሳል። በእኛ ዘንድ የበኩር ልጅ ሲወለድ አራስ የምትታረሰው በእናቷ ቤት ነው። እኔም እሷን ወልጄ የታረስኩት በእናቴ ቤት ነበር። ጤና ጣቢያ በሰላም ተገላገለች፤ ሴት ልጅ ሆነች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምጡም አልጠናባትም።

ልጅቷ ክርስትና እስክትነሳ ሰማንያ ቀን አለ። እስከዚያ አራስ ከቤት አትወጣም። ብቻዋን አትተውም፣ ደጃፍ ላይ አትቆምም፣ ከሁሉም በላይ ነፋስ አይነካትም። ስለዚህ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረድኩ፣ የበሩን ሥር በጨርቅ ደፈንኩ። ልጄ «እማዬ፣ ታፈንኩ እኮ» ስትል «ታፈኝ» እላታለሁ።

ቤታችን ሱሉልታ ነው፤ ከእንጦጦ ጀርባ፣ ሜዳው ጫፍ ላይ። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ያሠራው ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ነው። እሱ ካረፈ በኋላ ከጎኑ አንዲት ክፍል ቀጠልኩ። ጣሪያዋ ዝቅ ያለ ነው፣ ቆርቆሮውም እንደ ዋናው ቤት በደንብ አልተመታም። ቢሆንም ጠባብ ስለሆነች ሙቀት ትይዛለች። አራሷን ያስተኛኋት እዚያ ነበር።

ግንቦት እንደተጋመሰ ሬዲዮው ነፋስና በረዶ የቀላቀለ ከባድ ዝናብ እንደሚጠበቅ ተናገረ። እንዲህ ያለ ነገር በየዓመቱ እንሰማለን። በዚያ ሰሞን ግን ጥንቃቄ ይደረግ የሚለውን ደጋገሙት።

ወንድ ልጄ አዲስ አበባ ነው የሚሠራው፤ ጠዋት በሚኒባስ ይሄዳል፣ ማታ ይመለሳል። ማታ ማታ ስልኩ ላይ አንድ ነገር ይከታተል ነበር። በሩቅ አገር ውቅያኖስ ላይ ትልቅ አውሎ ነፋስ ተነስቶ ወደ ባሕር ዳር ከተሞች እየቀረበ ነው። ፈረንጆቹ በካርታ ላይ ሲሽከረከር ያሳዩታል። አጠገቡ ደግሞ በታሪክ ኃይለኛ የተባሉትን አውሎ ነፋሶች ደርድረው ያወዳድሩታል።

«እማ፣ ነይ እይ። ይሄኛው ከድሮዎቹ ሁሉ ሊበልጥ ይችላል እያሉ ነው።»

«ሰዎቹ ወጡ?» አልኩት።

«ብዙዎቹ ወጥተዋል። እምቢ ያሉም አሉ።»

«ለምን?»

«ያኔ የመጣውን ትልቁን ችለነዋል፣ ይሄንንም እንችለዋለን ይላሉ።»

አማተብኩ። የማላውቃቸውን ሰዎች በጸሎቴ አስገባኋቸው።

በነጋታው አጥር የምንጋራቸው ሽማግሌ መጡ። እዚሁ የተወለዱ ገበሬ ናቸው። ሰፈሩ በሙሉ «ኦቦ» ብቻ፣ አቶ እንደማለት፣ ብሎ ነው የሚጠራቸው፤ ሌላ ኦቦ የሌለ ይመስል። መሬታቸው አብዛኛው ቤት ሆኗል። ከብትና የድርቆሽ ክምር ግን አላጡም።

«አካም ጅርታ? አራሷስ?» አሉኝ ከበር ሳይገቡ።

«ነጋ፣ ኦቦ» አልኳቸው በኦሮምኛ፣ ሰላም ነው ለማለት። «ተመስገን፣ ደህና ናት። አንቱስ?»

ልጄ ስልኩን ይዞ ወጣ። የአውሎ ነፋሱን ምስል አሳያቸውና የእኛም ነፋስ እየመጣ መሆኑን፣ ስልኩ ላይ ቀኑ ሳይቀር መጻፉን ነገራቸው። ኦቦ ስልኩን ከዓይናቸው አርቀው አዩት።

«ይሄ ስልክ ቂሌንሳ ያውቃል?» አሉ። ነፋሱን ሁልጊዜ በኦሮምኛ ነው የሚጠሩት።

«ኦቦ፣ ሳተላይት እኮ ነው!»

«ሳተላይቱ እኔ በቆምኩበት ቆሞ ያውቃል?»

«ከላይ ሆኖ ሁሉንም ያያል።»

«ከላይ ሆኖ የሚያይ ሌላ ነው። እሱን እናትህ ታውቀዋለች።» ወደ እኔ ዞረው ሳቁ። ከዚያ በምርኩዛቸው ወደ እንጦጦ እያመለከቱ የራሳቸውን ነፋሶች ይቆጥሩ ጀመር። «ትልቁ በንጉሡ ጊዜ የመጣው ነው። እኔ ገና ሚስት አላገባሁም። ከዚያ ከእንጦጦ ወረደ። የሳር ቤት አልተረፈም። የአባቴን ጎተራ ከነእህሉ አንስቶ ወንዙ ውስጥ አስቀመጠው። አስቀመጠው ነው የምልህ! አልጣለውም።»

«ኦቦ፣ ጎተራው ቆሞ?»

«ቆሞ! ዓሣ ይብላበት ብሎ። ሁለተኛው ጨቢ ነው፣ በረዶ። በነጋታውም መሬቱ ነጭ ነበር፤ በግ ፈጀ። ሦስተኛው ቆርቆሮ ከመጣ ወዲህ የመጣው ነው። እሱም ከእንጦጦ ነው የመጣው። ቆርቆሮውን እንደ ወረቀት ነው ያበረረው። ድንጋይ ያልጫነ ቤት ሁሉ ራሱ ተገለጠ፤ ድንጋይ የጫነ ዳነ።»

ከዚያ ነፋስ ወዲህ ነው ሰፈራችን ጣሪያ ላይ ድንጋይ የሚጭነው። አዲስ ሰው ቤት ሠርቶ ሲገባ ጎረቤት እንኳን ደስ ያለህ ብሎ ሲያበቃ ድንጋይህስ ይለዋል። እኛም ስንመጣ ኦቦ ራሳቸው ናቸው ከማሳቸው ለቅመው የሰጡን።

«ይሄኛውስ ከየትኛው ጋር ይሄዳል?» አልኳቸው። የጠየቅኳቸው ከልቤ ነው። የጭቃ ቤት ውስጥ አራስና ሕፃን አሉኝ።

ሰማዩን ቀና ብለው አዩ። «ይሄ? ይሄ የእነዚያ የልጅ ልጅ ነው። ድንጋይ ጨምሪና ተኚ።»

ወንድ ልጄ ወጥቶ ድንጋይ ጨመረ። የቀጠልኳት ክፍል ምስማሯ ስላላስተማመነኝ ትልልቁን እዚያ ላይ አድርግ አልኩት። አደረገ።

ማዶ፣ ከመንገዱ ወዲያ፣ እንደ እኛ ከአዲስ አበባ የወጡ እስላም ጎረቤቶች አሉን። ፎቅ ጀምረው ምድር ቤቱን ጨርሰዋል፤ ከላይ የኮንክሪት ጣሪያው፣ ሶሌታው፣ ተሞልቶ ብረቱ ወደ ሰማይ ቆሟል። መስኮት ገና አልገባለትም፤ በሸራ ነው የተሸፈነው። ሴትየዋ በየጠዋቱ ለልጄ አጥሚት ይዛ ትመጣለች። ያን ቀን ድንጋይ ሲወጣ አየችና ቀረብ አለችኝ።

«እትዬ፣ ነፋሱ ከከፋ ወደ እኔ አምጧት። መስኮት ባይኖረኝም ጣሪያዬ አይበርም።»

አራሷን ሊጠይቁ የመጡ ሁለት ሴቶች ነበሩ። ሰምተው ደነገጡ። «አራስ በነፋስ? ክርስትና ያልተነሳ ሕፃን ይዘሽ? ኧረ ባይሆን እዚሁ ሆነሽ ጸልዪ!» አሉኝ። ሴትየዋ ወደ ቤቷ ተመለሰች። 

ሌሊቱን አሰብኩበት። ኦቦ ከቆጠሯቸው አንዱ አንዱን አይመስልም። አንደኛው ጎተራ አነሳ፣ ሁለተኛው በግ ገደለ፣ ሦስተኛው ጣሪያ ገለጠ። ሁሉንም የሚያውቁት ካለፉ በኋላ ነው። የሚመጣው የትኛውን እንደሚመስል ኦቦም አያውቁ፣ ስልኩም አያውቅ። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው፦ ክፍሏ የጭቃ ናት፣ ማዶ ያለው ቤት የኮንክሪት ነው። ሰማዩ ከጠቆረ አሻግራታለሁ ብዬ ቆረጥኩ።

ቅዳሜ ዕለት ከጠዋቱ ጀምሮ ሙቀቱ ለሱሉልታ የሚሆን አልነበረም። ከምሳ በኋላ ቅጠል መንቀሳቀስ አቆመ። የኦቦ ላሞች ማንም ሳይነዳቸው ከሜዳው ተመልሰው በረት በር ላይ ቆሙ። ደመናው ሲነሳ በእንጦጦ በኩል አልነበረም፤ ከሜዳው በኩል ነው የመጣው፣ ከታች አረንጓዴ ሆኖ። ኦቦን አጥሩ ሥር አገኘኋቸው። ፊታቸውን ወደ እንጦጦ አዙረው ቆመዋል።

«ኦቦ፣ በወዲያኛው በኩል እኮ ነው።»

«ከዚያ ዝናብ ነው የሚመጣው። ትልቅ ነፋስ ከዚያ መጥቶ አያውቅም» አሉኝ ሳይዞሩ።

ገብቼ የንስሐ አባቴ ዘንድ ደወልኩ። ነገሩን በአጭሩ ነገርኳቸው።

«ልጄ፣ ያልተፈቀደላት ቤተ ክርስቲያን መግባት ነው። ከአደጋ መሸሽ ማን ከለከላት? ጸበል እርጪያትና ውሰጃት።»

«ጎረቤቴ እስላም ናት፣ አባቴ።»

«ጣሪያዋ ጠንካራ ነው?»

«ኮንክሪት ነው።»

«እንግዲያው ምን ቆመሽ ታወሪያለሽ? የኔም ቆርቆሮ መንኳኳት ጀምሯል። ዝጊው።»

ልጄ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ታጠባ ነበር።

«ተነሺ፣ እንሻገራለን» አልኳት።

«እማዬ፣ ሰው ምን ይለኛል?»

«የፈለገውን ይበል።»

«ነፋስ ቢመታኝስ? ራስሽ አይደለሽ በሩን እንኳ የደፈንሽው?»

«እኔ ነኝ። አሁን ደግሞ እኔው እከፍተዋለሁ።»

«ኦቦ ትንሽ ነው ብለዋል እኮ።»

«ኦቦ ደግ ሰው ናቸው። ጫማሽን አድርጊ።»

ጸበሉን ረጨኋት፣ ሕፃኗንም። በጋቢ ጠቀለልኳትና ደረቴ ላይ አድርጌ ነጠላዬን ከላይ አሰርኩ። ልጄን ብርድ ልብስ አለበስናት፤ ወንድሟ ሌላ ብርድ ልብስ በሁለት እጁ ዘርግቶ በነፋሱ በኩል እንደ ግድግዳ ይዞላት ሄደ። ከበራችን ስንወጣ አቧራው ተነሳ። መሀል መንገድ ላይ ስንደርስ ወንድ ልጄ የያዘው ብርድ ልብስ ተነጥቆ ሄደ። አንዳችንም ዞር ብለን አላየነውም። ሴትየዋ በሩን ከፍታ «ቶሎ፣ ቶሎ፣ ቶሎ!» እያለች ትጮህ ነበር።

በሩ እንደተዘጋ መጣ። እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ከባድ መኪና በቤቱ ዙሪያ የሚዞር ይመስል ነበር። የመስኮቱ ሸራ አንዴ ወደ ውስጥ ተነፋና ተቀደደ፤ በረዶው እፍኝ እፍኝ እየሆነ ገባ። የሴትየዋ ባል ለኮንክሪት ማፍሰሻ ያመጣውን ጣውላ መስኮቱ ላይ ደገፈ። ነፋሱ ጣውላውን ከነሰውየው ገፋው። ወንድ ልጄ ደረሰለት። እኔ ሕፃኗን ለእናቷ ሰጥቼ፣ ሁለቱን በውስጠኛው ጥግ አስቀምጬ፣ ጀርባዬን ጣውላው ላይ አደረግኩ። ሴትየዋም አጠገቤ ጀርባዋን ሰጠች። እኔ በልቤ «አቤቱ ማረን» እላለሁ፤ እሷ በከንፈሯ የራሷን ትላለች። ትከሻችን ይጋጭ ነበር።

በሩ ሲደበደብ ከፈቱት። ኦቦ ናቸው። ራሳቸው ላይ ማዳበሪያ ደፍተዋል፣ ባለቤታቸውን በእጃቸው ይዘዋል። በረዶው ግንባራቸውን አድምቶታል።

ወንድ ልጄ ጣውላውን እንደገፋ አላስቻለውም። «ኦቦ! የልጅ ልጁ ደረሰ! ስንተኛ ነው?»

«ዝም በልና ግፋ!» አሉና መጥተው ከጎኑ ቆሙ።

ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። ሴትየዋ ክንዴን ያዘች። «እትዬ፣ ትንሽ እረፊ» ስትለኝ «ሲያርፍ አርፋለሁ» አልኳት። ልጄ በጥጉ ሆና በብርድ ልብስ ውስጥ ሕፃኗን ታጠባለች። ሕፃኗ ያን ሁሉ ጊዜ አላለቀሰችም።

ከዚያ ዝናብ ብቻ ሆነ። ጣውላውን ስንለቀው እጆቻችን እንደታጠፉ ቀሩ። የወጣንበት ቤት ምን እንደሆነ ለማየት እኔና ኦቦ ተሻገርን። ልጄን ተቀመጪ አልኳት።

ዋናው ቤት ቆሟል። የቀጠልኳት ክፍል ግን በሜዳው በኩል ያለው ቆርቆሮዋ ተገንጥሎ ወደ ላይ ታጥፏል። ድንጋዩ ወደ ውጭ አልወደቀም። ቆርቆሮው ሲነሳ ወደ ውስጥ ተንሸራትቶ የማዳበሪያውን ኮርኒስ ቀዶ አልጋው ላይ ወድቋል። ትራሱ ላይ ነበር። ዙሪያውን በረዶ ሞልቶታል።

ሁለታችንም ቆምን። ዝናቡ ክፍሉ ውስጥ ይዘንባል።

«እኔ ነኝ ጨምሪ ያልኩሽ» አሉ ኦቦ። 

«እኔ ነኝ ያስጫንኩት። በዚያ በኩል ያዙልኝ፤ ልጄ ሳታይ እናውጣው።»

ይዘን ስንወጣ አማቼ ግቢው ውስጥ ቆሟል። መንገዱ ላይ ባሕር ዛፍ ወድቆ ሚኒባሱ ስለቆመ በእግሩ ነው የመጣው። እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ክፍት ጣሪያውን አየ፣ በበሩ አልጋውን አየ፣ እጃችን ላይ ያለውን ድንጋይ አየ። 

«ማዶ ናቸው። ሁለቱም ደህና ናቸው» አልኩት።

ድንጋዩን አስቀመጥነው። እሱ እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጠ። ኦቦ ማዳበሪያቸውን ከራሳቸው አንስተው አለበሱት። ትንሽ ቆይቶ ተነሳና ወደ ማዶ ሮጠ። ከኋላው ሆኜ «ቀስ! በርጩማ እንዳትጥል፣ ሕፃኗ ተኝታለች!» ስል ሳቄም ዕንባዬም አንድ ላይ መጣ። እግዚአብሔርን ያመሰገንኩት እዚያው ቆሜ ነው፤ ረጅም ምስጋና አልነበረም።

በነጋታው ከቅዳሴ ስመለስ ኦቦ መሰላል ተሸክመው አገኘኋቸው። የራሳቸውን ጣሪያ ድንጋይ አውርደው ጨርሰዋል። ከቤት ቤት እየሄዱ አውርዱ ይላሉ። የተቀበሏቸው አሉ። ያልተቀበሏቸውም አሉ፤ «ኦቦ፣ ያኔ ያዳነን ይሄው ድንጋይ አይደል? ራስዎት አይደሉ የነገሩን?» ይሏቸዋል። ኦቦ አይከራከሩም፤ እዚያው ቆመው ይጠብቃሉ። እኔ ጣሪያዬን በጥቁር ሽቦ አስያዝኩ። ቆርቆሮውን ከወራጁ፣ ወራጁን ከቋሚው፣ ሁሉንም አንድ ላይ። ወንድ ልጄና አማቼ ናቸው ያሰሩት፤ እኔ ከታች ሆኜ እያንዳንዱን ቋጠሮ እየሳብኩ አየሁ። የላላውን አስፈታሁ። «ማዘር፣ ጉምሩክ አደረግሽው እኮ፣ ፍተሻው አያልቅም» አለኝ ልጄ። «እሰር» አልኩት።

ክፍሏ እስክትደርቅ አራሷ ማዶ ቆየች። ሴትየዋ የራሷን አልጋ ለቀቀችላት። ገንፎውን እኔ እየሠራሁ አሻግራለሁ፣ አጥሚቱን እሷ ታፈላለች። አራስ በነፋስ ታወጫለሽ ወይ ያሉኝ ሴቶችም ሊጠይቁ መጡ፤ እዚያው ማዶ፣ ጣውላው አጠገብ ተቀመጡ። ስለ ድንጋዩ ለልጄ የነገራት ባሏ ነው። እኔን ስታገኘኝ ሕፃኗን አቀበለችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ጀርባዋን ዳሰስኩ።

ሰኔ ገብቶ ሕፃኗ ገና ክርስትና ሳትነሳ ሬዲዮው እንደገና ነፋስና በረዶ አለ። አራሷ ወደ ቤቷ ተመልሳ ነበር። ኦቦ አጥሩ ዘንድ መጡ። በዚህ ጊዜ ወደ እንጦጦም ወደ ሜዳውም አዩ።

«ይሄ እንግዲህ ካለፈው ጋር ሲተያይ...» ብለው ጀመሩ።

እኔ ሕፃኗን ደረቴ ላይ አስሬ በሩን ከፍቼ ነበር። ልጄ ሳልነግራት ጫማዋን አድርጋለች።

«አንቱ አወዳድሩ፣ ኦቦ። እኛ እንሻገር።»

«ቆይ፣ ቆይ፣ ጃንጥላ ልያዝልሽ» አሉና ተከተሉን።

ያን ቀን የመጣው ካፊያ ነው። ገመድ ላይ ያለ ልብስ እንኳ በቅጡ አላራሰም። የሴትየዋ ባል ለምሳ ከሥራ ሲመለስ ቤቱን ሰው ሞልቶት አገኘውና «ማንን ልንቀብር ነው?» አለ። ሁላችንም ሳቅን። ሽሮ ተሠራ፣ ምሳ በላን። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፀሐይ ወጣ፤ ሕፃኗን ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።